በዓይን ነርቭ ዕጢ የታመሙ ልጆቻችን ወደ ክትትል ይመለሱ፦ ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታሉ የሕክምና አገልግሎት ዳይሬክተር፣
ለነርቭ ቀዶ ሕክምና፣ ለዓይን ሕክምና እና ለሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍሎች ኃላፊዎች፣

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ በዓይን ነርቭ ዕጢ የታመሙ ልጆች ወላጆች ነን። የዓይን፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰርና የሆርሞን ሐኪሞች ልጆቻችንን በአንድ ቀን አብረው የሚያዩበት ክሊኒክ ነበረ። ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በወጣው አሠራር ደግሞ ኦፕሬሽን የተደረገላቸው ልጆች ብቻ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ክትትላቸውን ይቀጥላሉ፤ ኦፕሬሽን ያልተደረገላቸው «የቀዶ ሕክምና ጉዳይ የላቸውም» ተብለው ከመዝገብ ወጥተዋል። ካርዳቸው ላይ «ችግር ሲኖር ይመለሱ» ተብሎ ተጽፎ ተሰጠን። ማንም ጠርቶ አላነጋገረንም። ምክንያቱንም የነገረን የለም።

በቀጥታ እንናገረው፦ ይህ ውሳኔ የልጆችን ዓይን እያጠፋ ነው።

እናንተ በሽታውን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ግን ግልጽ ደብዳቤ ነውና ገና ዛሬ ውጤት ተነግሮት ግራ የገባው ወላጅም ስለሚያነበው ትንሽ እናብራራ። በልጆች የዓይን ነርቭ ላይ የሚወጣው ዕጢ በአብዛኛው ግሊዮማ የሚባለው ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ደረጃ 1 የሰጣቸው፣ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዕጢዎች ማለት ነው። አብዛኞቹ ልጁ 10 ዓመት ሳይሞላው ይታወቃሉ። ተገቢውን ሕክምና ካገኙት ልጆች ከ10 ዘጠኙ ያህል ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ስለዚህ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሰምቶ ልጁን እንደቀበረ የሚቆጥር ወላጅ ካለ ትንሽ ይተንፍስ። ይህ ዕጢ ከነፍስ ይልቅ ዓይን ላይ ነው የሚበረታው። ወደ አንጎል ጠልቆ ከገባ ደግሞ እድገትንና ሆርሞንን ያዛባል።

ታዲያ እያንዳንዱ ውሳኔ መለካት ያለበት በዓይን ነው። ልጁ ዛሬ ምን ያህል ያያል? ከሦስት ወር በፊትስ ምን ያህል ያይ ነበር? አሁን ይህን የሚጠይቅልን የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበን ኦፕሬሽን ያልተደረገላቸው ልጆች ነገር ነው። ኦፕሬሽን አለመደረጉን አልተቃወምንም። ሐኪሞቻችን ያኔ ጥሩ አድርገው አስረድተውናል። በአንድ የዓይን ነርቭ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ያልፋሉ። ግሊዮማው ነርቩ ላይ የተለጠፈ ጉብታ አይደለም፤ በክሮቹ መሐል ገብቶ ነው የሚያድገው። ጨርቅ ውስጥ የሰረገ ቀለም ለብቻው ተነቅሎ እንደማይወጣ ሁሉ ይህም ነርቩ ሳይቆረጥ አይወጣም። የተቆረጠ የዓይን ነርቭ ደግሞ መልሶ አይበቅልም። ስለዚህ የሚያይ ዓይን ያለውን ልጅ ቢላ አለማስነካት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ልክ ናችሁ።

ግን ያኔ «እንከታተለዋለን» ነበር የተባልነው። ክትትሉ ራሱ ሕክምናው ነበር። መጀመሪያ ላይ በየሦስት ወሩ የዓይን ምርመራ፣ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ኤምአርአይ፣ ዕጢው ረጋ ካለ ደግሞ ቀጠሮው እየራቀ እንዲሄድ ነበር የተነገረን። አሁን «ኦፕሬሽን አያስፈልገውም» የተባለው ቃል ተገልብጦ «ምንም አያስፈልገውም» ሆነ።

የሆነውን እንንገራችሁ። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ነው፤ በግራ ነርቩ ላይ ዕጢ አለበት፣ በሁለቱም ዓይኑ ደህና ያይ ነበር። ከመዝገብ ወጣ። ልጁ ይጫወታል፣ ይሮጣል፣ ቴሌቪዥን ያያል። እናቱ ምን ብላ ትጠርጥር? አንድ ቀን ቀኝ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ሲጫወት እየተደናበረ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ አየች። ይዛው ስትመጣ በግራ ዓይኑ የሚያየው ብርሃን ብቻ ሆኗል። «ለምን ቶሎ አላመጣሽውም?» ተባለች። እባካችሁ! ልጅ አንዱ ዓይኑ ካየለት አንዱ መድከሙን አይናገርም፣ ብዙ ጊዜም አያውቀውም። በየሦስት ወሩ ቢታይ ኖሮ፣ ሌላው ቢቀር በባትሪ ብርሃን የዓይኑን ብሌኖች እያፈራረቀ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ ለውጡ ይታወቅ ነበር። ኬሞውም (ዕጢውን የሚያዳክመው የመድኃኒት ሕክምና) ዓይኑ ሳይጠፋ ይጀመርለት ነበር።

«ችግር ሲኖር ይመለሱ» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ በሽታ አይሠራም። ወላጅ ችግሩን በዓይኑ ሲያይ ብዙ ጊዜ ነርቩ ቀድሞ ተጎድቷል። የዓይን መንሸዋረር፣ ዓይን ወደ ውጭ መግፋት፣ የዓይን ወዲያ ወዲህ መዋለል፣ ልጁ ለማየት አንገቱን ማዘንበሉ፣ እነዚህን ወላጅ ሊያስተውል ይችላል። የነርቩን መገርጣት ግን በመሣሪያ የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው።

በተለይ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት አንድ ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ዝም የሚባል አይደለም። ይህ በዘር የሚተላለፍ ወይም በልጁ ላይ አዲስ የሚጀምር ችግር ነው። ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ በሚወጡ ቡና በወተት በሚመስሉ ነጠብጣቦች ይታወቃል። ልጁ ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርስ ከ5 ሚሊሜትር የሚሰፉ 6 እና ከዚያ በላይ ነጠብጣቦች ካሉት ሐኪም ማየት አለበት። ይህ ችግር ካለባቸው 100 ልጆች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በእይታ ነርቭ መስመር ላይ ግሊዮማ ይወጣባቸዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ላይ ዕጢው ዕድሜ ልክ ምንም ሳያደርግ ይቀመጣል። አንዳንዱ እንዲያውም ያለ ሕክምና ራሱ ይቀንሳል። የትኛው እንደሚተኛ፣ የትኛው እንደሚነሳ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው ክትትል የሚያስፈልገው። ዕጢ ያልተገኘባቸውም ቢሆኑ ቢያንስ 8 ዓመት እስኪሞላቸው በየዓመቱ ዓይናቸው መታየት አለበት፤ ይህም አብሮ ቆሟል።

ሌላው ጉዳይ ፊልም ብቻ የማየት ልማድ ነው። ክሊኒኩ ከተዘጋ ወዲህ አንዳንዶቻችን በየጊዜው ኤምአርአይ እናስነሳለን፣ ውጤቱ «ለውጥ የለም» ይላል፣ ተሰናብተን እንመለሳለን። ዓይን የለካ የለም። የዕጢው መጠንና የልጁ እይታ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ዕጢው ሳያድግ እይታ ሊደክም ይችላል፤ ዕጢው አድጎም እይታ ባለበት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ያለባቸውንና ኬሞ የወሰዱ ልጆችን ከብዙ ሆስፒታሎች ሰብስቦ አይቶ ነበር። የአንድ ሦስተኛው ያህል እይታ ተሻሽሏል፣ 40 በመቶው ባለበት ቆይቷል፣ 28 በመቶው ደክሟል። የፊልሙ ውጤትና የዓይኑ ውጤት አለመገጣጠሙም ታይቷል። ከእኛ መሐል አንዲት ልጅ በተከታታይ ፊልሞቿ «ለውጥ የለም» እየተባለች የፊደል ሰሌዳው ላይ ታነብ የነበረውን መስመር ማንበብ አቃታት። ይህንንም ያወቀችው አስተማሪዋ ናት።

አሁን ወደ ኦፕሬሽኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ቅሬታችን ስለ ሐኪሞቹ እጅ አይደለም። ስለሚነገረን፣ ይልቁንም ስለማይነገረን ነገር ነው።

የዓይን ነርቭ ዕጢ ኦፕሬሽን ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያም ጠባብ ነው። ዕጢው በአንድ ነርቭ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ያ ዓይን ቀድሞውኑ ማየት ሲያቆም፣ ከዚያም በላይ ዓይኑ ወደ ውጭ ተገፍቶ መክደን አቅቶት ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ሲደርቅና ሲቆስል፣ ወይም ሕመሙ ልጁን ሲያሰቃየው። ዕጢው ሁለቱ ነርቮች ወደሚገናኙበት ቦታ እየሄደ ነው ተብሎ የሚደረግም አለ፤ በዚህኛው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ። በኦፕሬሽኑ ነርቩ ከዓይን ጀርባ ጀምሮ ተቆርጦ ከዕጢው ጋር ይወጣል። ዓይኑ ራሱ ግን በቦታው ይቀራል፤ ልጁ ፊቱ ላይ የራሱን ዓይን ይዞ ያድጋል። ያ ዓይን ግን ከዚያ በኋላ መቼም አያይም።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለአንድ አባት አልተነገረውም። «ዕጢው ይወጣል» ተባለ፤ ፈረመ። ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ፣ ዓይኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁላችንም ደስ አለን። ፋሻው በተቀየረ ቀን አባትየው ሐኪሙን «መቼ ነው ማየት የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ወላጆች አንገታችንን ደፋን። ኦፕሬሽኑ ትክክል ነበር፤ ልጁ ያ ዓይን ቀድሞም አያይለትም ነበር። ግን አባት ይህን ከፊርማው በፊት ማወቅ ነበረበት። የተሰጠው ወረቀት ደግሞ እንኳን እሱ እኛም ደጋግመን አንብበን አልገባንም።

የተገላቢጦሹም አለ። አንዲት እናት «የልጅሽን ዓይን ሊያወጡ ነው» የሚል ወሬ ሰምታ ልጇን ይዛ ጠፋች። የሰማችው ስለ ሬቲኖብላስቶማ ነበር። እሱ ሬቲና ላይ፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን ላይ፣ የሚነሳ ሌላ ካንሰር ነው፤ የልጅን ሕይወት ለማትረፍ ዓይን የሚወጣበት ጊዜ አለ። የእሷ ልጅ ግን በሽታው ሌላ፣ ሕክምናውም ሌላ፤ የሚያስፈልገው ክትትል ብቻ ነበር። ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው ቢኖር አትሄድም ነበር። እስካሁን አልተመለሰችም።

ዕጢው ሁለቱ ነርቮች በሚገናኙበት ቦታና ከእሱ በላይ ባለው ሃይፖታላመስ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ከእያንዳንዱ ዓይን የሚመጡት ክሮች ግማሽ ያህሉ እዚያ ላይ ወደ ሌላው ጎን ስለሚሻገሩ እዚያ የሚደርስ ጉዳት የሁለቱንም ዓይን እይታ ይነካል። ሃይፖታላመስ ደግሞ ረሃብን፣ ጥማትን፣ እንቅልፍንና ሆርሞንን የሚያዝ ቦታ ነው። እዚህ ሁሉንም አወጣለሁ ብሎ የሚገባ ቀዶ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የሚደረገው ወደ ውጭ ያበጠውን ክፍል መቀነስ፣ ውኃ የቋጠረውን ማፍሰስ፣ የጭንቅላት ፈሳሽ መውጫ ከተዘጋበት ሻንት (ፈሳሹን የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ አንዳንዴም ለምርመራ ናሙና መውሰድ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ሽንቱን መያዝ እስኪያቅተው ውኃ ሊጠማ፣ ጥጋብ አጥቶ ከመጠን በላይ ሊወፍር፣ እድገቱ ሊቆም ይችላል። ዕጢው ብቻውን፣ ያለ ኦፕሬሽንም፣ ይህን ሊያደርግ ይችላል።

ታዲያ የሆርሞን ሐኪሙን ከክሊኒኩ ማውጣት ምን ይባላል? አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጡቷ ማበጥ ጀመረ፣ ቁመቷም ድንገት ተመዘዘ። በአንዱ ክፍል «ጥሩ እያደገች ነው» ተባለላት። ሴት ልጅ 8 ዓመት፣ ወንድ ልጅ 9 ዓመት ሳይሞላው የጉርምስና ምልክት ከታየ መመርመር እንዳለበት፣ የሚያስቆም መርፌም እንዳለ ያወቅነው በስንት መከራ ከሌላ ወላጅ ነው። አንድ ሕፃን ደግሞ በደንብ እየጠባ፣ እየሳቀ፣ ሥጋው ግን አልቆ አጥንቱ ወጥቶ በምግብ እጥረት ሲታከም ከረመ። ዓይኖቹ ይዋልሉ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ሃይፖታላመስን የነካ ዕጢ ሕፃንን እንዲህ እንደሚያደርግ የምግብ እጥረት ክፍሉ ሐኪሞች ቢነገራቸው ያ ሁሉ ጊዜ አይባክንም ነበር። በዚህ ዕድሜ፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በታች፣ የሚጀምረው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ኃይለኛ ነው።

ሐኪሞቹ ተለያይተው መሥራታቸው ሌላም አደጋ አምጥቷል። ለአንድ ልጅ የጨረር ሕክምና ታዘዘለት። ልጁ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ አለበት፤ ይህ የተጻፈበት ፋይል ግን ሌላ ክፍል ነው ያለው። እንዲህ ያለ ልጅ ጨረር ሲወስድ የአንጎል ደም ሥሮቹ የመጥበብ፣ ሞያሞያ የሚባለው ማለት ነው፣ እንዲሁም ቆይቶ ሌላ ካንሰር የመውጣት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ለዚህም ነው ሐኪሞች የሚሸሹት። ጨረር ክፍል ያለው ሐኪም የልጁን ሆድ ገልጦ ነጠብጣቦቹን ስላየ ነው የተረፈው። እግዜር ይስጠው። ግን የልጅ ዕድል በአንድ ሰው ንቃት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

መድኃኒቶቹም እየተለወጡ ነው። ለረጅም ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ካርቦፕላቲንና ቪንክሪስቲን ነበር፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ኬሞ፤ ቪንብላስቲንም አለ። አሁን ደግሞ የዕጢውን የዘር ለውጥ አይተው የሚሰጡ የሚዋጡ መድኃኒቶች መጥተዋል። በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብን በጋራ፣ በ2024 ቶቮራፌኒብን ቢራፍ በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ላለባቸው የልጆች ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማዎች ፈቅዷል። ነገ ይምጡልን እያልን አይደለም። ግን ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሌለበት ልጅ ናሙና መቼ ይወሰድ፣ መውሰዱ ዓይኑን ይጎዳዋል ወይ የሚለውን ቀዶ ሐኪሙና የካንሰር ሐኪሙ ፊት ለፊት ካልተነጋገሩ ማን ይወስነዋል? አሁን አንዱ ወደ ሌላው ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱን ተሸክመን ፎቅ ለፎቅ የምንዞረው እኛ ነን።

የምንጠይቀው ይህ ነው።

የጋራው ክሊኒክ ይከፈት። በየሳምንቱ ካልተቻለ በወር አንድ ቀን ይሁን፤ ግን የዓይን፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰርና የሆርሞን ሐኪሞች አብረው ይቀመጡ። ኦፕሬሽንም ጨረርም ይህ ስብሰባ ሳያየው አይታዘዝ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር።

ኦፕሬሽን ስላልተደረገላቸው ከመዝገብ የወጡት ልጆች ሁሉ ይመለሱ። በካርዳቸው ላይ ስልካችን አለ፤ እየደወላችሁ ጥሩን። መጀመሪያ ከረጅም ጊዜ በፊት የታዩትንና ትንንሾቹን አስቀድሙ። ጠፍታ የቀረችውንም እናት ፈልጉልን፤ እኛም እናግዛለን።

በእያንዳንዱ ቀጠሮ፣ ፊልም ተነሳም አልተነሳ፣ የሁለቱም ዓይን እይታ ለየብቻ ይለካና በአንድ ወረቀት ላይ ካለፈው ጋር ጎን ለጎን ይጻፍ። ፊደል ለማያውቁት ሕፃናት መስመር ያለባቸው የመለኪያ ካርዶች አሉ፤ በእነሱ ይለኩ። ቁመት፣ ክብደትና የጉርምስና ምልክትም አብሮ ይታይ።

ከኦፕሬሽን በፊት ቀዶ ሐኪሙና የዓይን ሐኪሙ አብረው ወላጁን ያናግሩ። ለምን እንደሚደረግ፣ ያ ዓይን ከዚያ በኋላ ያያል ወይ አያይም፣ ሌላኛው ዓይን አደጋ አለበት ወይ፣ ባይደረግስ ምን ይሆናል፣ እነዚህ አራቱ በምንረዳው ቋንቋ በአጭሩ ተጽፈው ይሰጡን። ወላጁም አስቦ፣ ከፈለገ ሌላ ሐኪም ጠይቆ፣ ከዚያ ይፈርም።

እይታቸው የደከመ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ደብዳቤና ወደ ዝቅተኛ እይታ አገልግሎት የሚልክ ወረቀት ሳንለምን ይሰጠን።

የሕፃናትና የምግብ እጥረት ክፍል ባለሙያዎች ዓይኑ የሚዋልል ወይም እየበላ የሚከሳ ሕፃን ሲያዩ ወደ ዓይን ሐኪም እንዲልኩ ይነገራቸው።

ክሊኒኩ የተዘጋበትን ምክንያት በጽሑፍ ንገሩን። የሰው ኃይል እጥረት ከሆነ እንረዳለን፤ ከእናንተ ጋር ሆነን ለሚመለከተው አካል አብረን እንጮኻለን። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ከተወካዮቻችን ጋር እንድትነጋገሩ ቀጠሮ እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ ግን አንድም ተጨማሪ ልጅ ከመዝገብ እንዳይወጣ።

ከአክብሮት ጋር፣

በዓይን ነርቭ ዕጢ የታመሙ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
በእነሱ ስም፦ የአንዲት ታማሚ ልጅ እናትና የወላጆች ተወካይ